ለእናቴ የመታጠቢያ በርጩማ ልሠራላት ነው፣ ምን እንጨት ልግዛ?

የኮዬ ጀማሪ

ሰላም ናችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ እኔና እናቴ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ቆማ መታጠብ ከተወች ቆየች። ሻወር አለን፣ ግን ውሃው በፈረቃ ስለሆነ ሻወሩን ጌጥ በሉት። ውሃ በባልዲ ይዘን፣ ምድጃ ላይ አሙቀን፣ በጆግ እያፈሰስን ነው የምንታጠበው። እሷ የምትቀመጠው ምን ላይ መሰላችሁ? የተገለበጠ ባልዲ ላይ። ባለፈው ቅዳሜ ባልዲው ሸርተት ብሎባት ግድግዳ ይዛ ተረፈች። «ምንም አልሆንኩም» አለች። እኔ ግን በሩ ውጭ ሆኜ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

በማግስቱ የፕላስቲክ ወንበር ገዛሁላት። «ቤቱን ሞላው፣ መዞሪያ አሳጣኝ» ብላ በረንዳ ላይ አወጣችው። እውነቷን ነው፣ መታጠቢያ ቤታችን ጠባብ ነው። አሁን ወንበሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፣ ቡና ስታፈላ።

ስለዚህ ለፋሲካ ስጦታ በእጄ የእንጨት በርጩማ ልሠራላት አሰብኩ። ያለኝ ዕቃ የእጅ መጋዝ፣ መዶሻ፣ ስኳድራ፣ ከጎረቤት የምዋሰው ድሪል ነው። ልምዴ አንድ መደርደሪያ ነው፣ እሱም ወደ ግራ ያዘነብላል።

የጣውላ ነጋዴው ባህር ዛፍ ይበቃሃል አለኝ። ጎረቤቴ ጥድ ካልሆነ አትልፋ አለኝ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ኤምዲኤፍ አስቆርጠህ ቫርኒሽ ቀባው፣ በአንድ ቀን ያልቃል ይላል። ማንን ልስማ? በሚስማር ነው በኮላ? ቫርኒሽስ ውሃ ይችላል ወይ?

በረንዳ ላይ ነው የምሠራው። እናቴን መደርደሪያ ነው ብያታለሁ።

ሸገር ልጅ

ብዙ አታስብ። ባህር ዛፍ ግዛ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሁለቴ ቀባው፣ አለቀ። የኛ አጥር እንደዛ ተሠርቶ 12 ዓመቱ ነው፣ ምስጥ አልነካውም።

የማታ ተረኛ

ሸገር ልጅ፣ አጥራችሁ ላይ ራቁቱን በሙቅ ውሃና በሳሙና የሚቀመጥ ሰው አለ እንዴ? የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ያለው ቆሻሻ ቆዳ ላይ መዋል የሌለበት ነገር ነው። ካንሰር አምጪ ከሚባሉት ውስጥ ነው። ለእናት አይሆንም፣ ለማንም አይሆንም።

የሰበታው አናጢ

ልጄ፣ ኤምዲኤፍ ያለህን ባልደረባህን ሰላም በለውና እለፈው። ኤምዲኤፍም ችፑድም የእንጨት ብናኝና ፍርፋሪ በሙጫ ተጠፍጥፎ የሚወጣ ነው። ውሃ ሲያገኘው ሻይ ውስጥ እንደገባ ዳቦ ያብጣል። አንዴ ካበጠ ደግሞ አይመለስም።

ባህር ዛፍን ሰው በከንቱ ይሰድበዋል። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባን በማገዶም በቤት ሥራም ተሸክሟት የኖረ እሱ ነው። ችግሩ እርጥብ መሸጡ ነው። እርጥቡን ገዝተህ በርጩማ ብትሠራበት ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ በአራት እግሩ የቆመው በሁለት ወር ውስጥ በሦስት ይቆማል። እናትህን ከባልዲ አውርደህ እዚያ ላይ ካስቀመጥካት ምን ሠራህ?

ዝግባ ለመላግ ደስ ይላል፣ ቀለሙም ያምራል። ግን እርጥበት የማይለቀው ቦታ ላይ ቶሎ ይበሰብሳል። ዋንዛ ጥሩ ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን የጅማ በርጩማ አይተህ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ዋንዛ ነው። እኔ ግን ለመታጠቢያ ቤት ምረጥ ብባል ጥድ ነው የምለው። የአበሻውን ጥድ እንጂ የፈረንጁን ጥድ አላልኩም፣ ነጋዴ ሁለቱንም «ጥድ» ብሎ ይሸጥልሃል። የአበሻው ልቡ ቀላ ያለ ነው፣ ስትቆርጠው አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል። እርሳስ የሚሠራበት ዓይነት እንጨት ስለሆነ ፈረንጆቹ ራሳቸው የአፍሪካ የእርሳስ ጥድ ይሉታል። አባቶቻችን ቤተ ክርስቲያን የሚሠሩበት ምስጥ ስለማይደፍረውና ስለማይበሰብስ ነው። እኔ ያደግሁት የመናገሻ ሱባን ጫካ እያየሁ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ከሩቅ የመጣ ሰው ሁሉ የሚደነቅበት ጫካ ነው፣ እኛ ግን ከብት ስንጠብቅ ያደግንበት ስለሆነ አይታየንም ነበር።

ታዲያ ያ ጫካ ይቆረጥ ማለቴ አይደለም። ጥድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ በሕግ የተጠበቁ ዛፎች ናቸው። ማታ በአይሱዙ የመጣ ጣውላ አትግዛ። ከፈረሰ ቤት የወጣውን ፈልግ። ምናለሽ ተራ ሂድ፣ የድሮ በር፣ መቃን፣ የወለል ጣውላ አታጣም። ስንት ዓመት የደረቀ እንጨት ነው፣ ከዚህ በኋላ የትም አይጣመምም። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። አንደኛ፣ ውስጡ የተሰበረ ሚስማር ይኖራል። ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጣና ጣውላው ላይ አዙረው፣ አለዚያ መጋዝህን ይበላዋል። ሁለተኛ፣ የድሮ የዘይት ቀለም ካለበት በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍገው። የድሮ ቀለም ውስጥ ሌድ ሊኖር ይችላል፣ ዱቄቱ መርዝ ነው። ቀለም ያልነካውን ምረጥ።

አዲስ ጣውላ ከገዛህ ደግሞ መድረቁን በዓይን አትመን። አንድ ቁራጭ ቆርጠህ ሱቅ ሚዛን ላይ መዝነው። ከሦስት ቀን በኋላ ደግመህ መዝነው። ክብደቱ ከቀነሰ እንጨቱ ገና ውሃ እየለቀቀ ነው ማለት ነው፣ ተወው ይቀመጥ።

አሠራሩን ደግሞ ልንገርህ። መቀመጫውን ወጥ ጣውላ አታድርገው፣ ውሃ ያቁርበታል። 4 ሴንቲ ተኩል ስፋት ያላቸው ስድስት ጣውላዎች፣ ርዝመታቸው 40 ሴንቲ። በየመሀላቸው 6 ሚሊሜትር ክፍተት ተው። ስፋቱ ልክ 30 ሴንቲ ይመጣልሃል። ውሃውም ሳሙናውም በክፍተቱ ይወርዳል። የእያንዳንዱን ጣውላ ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አድበልብለው፣ ሰውነት አይቆረጥም፣ ውሃም ጠርዝ ላይ አይንጠለጠልም። እግሮቹን ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ አድርጋቸው፣ ትንሽ ብቻ። ቀጥ ያለ እግር ሰው በጎን ሲደገፍበት ይገለበጣል፣ ከመጠን በላይ የተከፈተ ደግሞ ሌላውን ሰው ያደናቅፋል።

ሚስማር እርሳው። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ሚስማር በዚህ መሀል እየላላ ይወጣል። ዝገቱም እንጨቱን ያጠቁረዋል። የማይዝግ ስቴንለስ ብሎን ግዛ፣ ከታች ወደ ላይ እሰረው፣ መቀመጫው ላይ ብረት አይታይ። መጀመሪያ በድሪል በቀጭኑ ብሳው፣ ጥድ ሳይበሳ ከታሰረ ይተረተራል። ኮላውን ስትገዛ ነጩን ተራ ኮላ አትውሰድ፣ ውሃ የሚችል ነው ወይ ብለህ ጠይቅ። ጣሳው ላይ ዲ3 ወይም ዲ4 የሚል ካየህ እሱ ነው። መቀመጫዎቹን ጣውላዎች ግን በኮላ አትለጥፍ። በብሎን ብቻ ይታሰሩ፣ አንዱ ቢበላሽ ፈትተህ ትቀይረዋለህ።

ቫርኒሹን በተመለከተ፣ እኔ ጥድን ምንም አልቀባውም። ራቁቱን ይሻለዋል።

ሰም እና ወርቅ

ጋሼ አናጢ፣ በሁሉም ነገር እስማማለሁ፣ በመጨረሻው ላይ ግን ልከራከርዎ ነው።

ቫርኒሽ አይሁን፣ እሺ። እኔም በራሴ ላይ ደርሶብኛል። ለጓደኛዬ ሰርግ ከዝግባ የሳሙና ማስቀመጫ ሠራሁላት፣ ሦስት እጅ ቫርኒሽ ቀባሁት፣ እንደ መስታወት አበራ። ሰው ሁሉ «ከውጭ ነው የመጣው?» አለ። እኔም ዝም አልኩ። ለጥቂት ወር ቆይቶ ከጫፉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መላጥ ጀመረ። ውሃው በተላጠችው በኩል ገብቶ መውጫ አጣ፣ ከሥር ጠቆረ። ጓደኛዬ አሁንም ታስቀምጠዋለች፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ።

ከዚያ ወዲህ የምጠቀመው የተልባ ዘይትና ሰም ነው። ሁለቱም የአገራችን ነው። የተልባ ዘይት እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፣ ከላይ ሽፋን አይሠራም፣ ስለዚህ የሚላጥ ነገር የለም። የፓልም ዘይት እንዳትሞክር፣ እሱ አይደርቅም፣ ሲጣበቅና ሲሸት ይኖራል። አቀባቡ ቀጭን ነው። በጨርቅ ትቀባዋለህ፣ ሩብ ሰዓት ትጠብቃለህ፣ ያልጠጣውን ሙልጭ አድርገህ ትጠርጋለህ። ተጨማሪው እጅ የፊተኛው ሳይደርቅ አይቀባም። ጥሬው ዘይት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንት ስለሚፈጅ ለፋሲካ ካሰብክ አሁኑኑ ጀምር። በመጨረሻ ሰም። አንድ እጅ ንጹሕ የማር ሰም በአራት እጅ የተልባ ዘይት ታቀልጣለህ፣ እሳት ላይ ሳይሆን የፈላ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ በጣሳ አስቀምጠህ። ሰም ወደ 63 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ከዚያ በላይ አያስፈልገውም። ከማር ነጋዴ ግዛ እንጂ ሻማ አታቅልጥ፣ የሱቅ ሻማ ፓራፊን ነው።

ጫፎቹ ላይ፣ በተለይ የእግሮቹ መጨረሻ ላይ፣ አትሰስት። እንጨት ውሃ የሚጠጣው እንደ ስትሮ በጫፉ ነው።

አንድ ነገር በጣም ልብ በል። የተልባ ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ጠቅልለህ ጥግ ላይ እንዳትጥለው። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ ጨርቁ ከታጨቀ ሙቀቱ መውጫ ያጣና በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ክብሪት አያስፈልገውም። ዘርግተህ ገመድ ላይ አስጣው ወይም ውሃ ውስጥ ንከረው። በረንዳ ላይ ከሰል አጠገብ ነው የምትሠራው መሰለኝ፣ ለዛ ነው የምጮኸው።

የሰበታው አናጢ

የጨርቁ ነገር እውነት ነው፣ እኔም ረስቼው ነበር። ዘይቱን ግን መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሻጋታ ይወደዋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ መስኮት አለው? ካለው ቀባው። ከሌለው ጫፎቹን ብቻ ሰም አጠጣና ተወው። ዋናው ነገር ታጥባ ስትጨርስ በርጩማው በጎኑ ተገልብጦ እንዲደርቅ ነው። የደረቀ እንጨት ማንም አይነካው።

የኮዬ ጀማሪ

መስኮት አለው ግን የመጽሐፍ ያህል ነው። ጋሼ፣ ከመቀመጫው በታች ቁመቱ ስንት ይሁን? የኛ ቤት በርጩማ አጭር ነው፣ እንደሱ ላድርገው?

የማታ ተረኛ

እንደሱ አታድርገው! ይሄን ልጽፍ ነበር የመጣሁት። ሁላችሁም እንጨቱን ለካችሁት፣ እናቱን የለካ የለም።

ሆስፒታል ነው የምሠራው። በማታ ተረኛነት ከማያቸው አረጋውያን ብዙዎቹ የወደቁት መታጠቢያ ቤት ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው ደግሞ ተቀምጦ ሳይሆን ሲነሳ ነው። የቡና በርጩማ ዝቅ ያለ ነው፣ ጉልበቱ ለሚያመው ሰው ከእሱ መነሳት ማለት ከጉድጓድ መውጣት ነው። አሁን እናትህን ወንበር ላይ አስቀምጣት። ባዶ እግሯን መሬት ትርገጥ፣ ጉልበቷ እንደ ስኳድራ በቀጥተኛ ማዕዘን ይታጠፍ። ከጉልበቷ ጀርባ፣ ከእጥፋቱ፣ እስከ ወለሉ በሜትር ለካ። በዛ ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲ ጨምር። ያ ነው ቁመቱ። ለብዙ ሴቶች ከ40 እስከ 45 ሴንቲ መሀል ይመጣል፣ ግን የእሷን ለካ እንጂ የእኔን ቁጥር አትውሰድ። ስትለካ ምን እንደምትላት አንተ ታውቃለህ፣ ለመደርደሪያው ነው በላት።

እግሩ ሥር ጎማ አድርግ። በረባሶ የሚሠሩ ልጆች ጋ ብትሄድ የመኪና ጎማ ቁራጭ በነፃ ይሰጡሃል። ጎማውን በኮላ ብቻ ሳይሆን በትንሽ ስቴንለስ ብሎን እሰረው፣ የብሎኑ ራስ ጎማው ውስጥ ይስመጥ፣ ሴራሚኩን እንዳይነካ። መቀመጫውን ከመጠን በላይ አታለስልሰው። 150 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ላይ ብታቆም ይበቃል፣ ከሳሙና ጋር የለሰለሰ እንጨት አሳ ነው።

በርጩማው ጥግ ላይ፣ ጀርባው ወደ ግድግዳ ይሁን። ግድግዳው ላይ የምትይዘው ብረት ብታደርግላትማ በርጩማው ግማሽ ስጦታ ይሆናል፣ ብረቱ ሌላው ግማሽ። ግን የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ውስጡ ባዶ ብሎኬት ነው፣ ተራ ፊሸር አይይዝም። ኮንክሪት ኮለኑን ፈልግ ወይም ለባዶ ብሎኬት የሚሆነውን ጠይቀህ ግዛ። ካሰርከው በኋላ መጀመሪያ አንተ ተንጠልጠልበት።

ማጽዳቱንም ንገራት። በረኪና አታፍስበት፣ እንጨቱን ያጎፍረዋል። ሳሙናና ብሩሽ በቂ ነው። ጥቁር ነጥብ ካየች አቼቶ በውሃ አቅጥና ትፈግፍገው።

ሸገር ልጅ

እሺ እኔ ተሸነፍኩ። ግን አጥራችን አሁንም ቆሟል።

የኮዬ ጀማሪ

ጨርሻለሁ። ሰው ጠይቆ ከጠፋ ይናደዳል ብዬ ነው የመጣሁት።

ምናለሽ ተራ ግማሽ ቀን ዞሬ የጥድ መቃን አገኘሁ። ከላይ ጥቁርና አቧራ ነው፣ እንጨትም አይመስል። ቤት አምጥቼ መጋዝ ሳስገባበት በረንዳው በሙሉ እርሳስ እርሳስ ሸተተ። ማግኔቱ አምስት ሚስማር አገኘ፣ ስድስተኛውን መጋዙ አገኘው። የሱቁ ልጅ ሚዛን ላይ ስመዝን «በኪሎ ልትሸጠው ነው?» አለኝ። ክብደቱ ሦስቴም ያው ነው፣ ደርቋል።

ቁመቱን 43 አደረግኩት። መለካቱ ቀላል ነበር፣ ካልሲ ልገዛልሽ ነው አልኳት። አንዱን እግር ግን 1 ሴንቲ አሳጥሬ ቆረጥኩት፣ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ ሁለቴ ለክቻለሁ። ሦስቱን ልቁረጥ ብዬ ነበር፣ ከዚያ ወፍራም ጎማ አደረግኩለትና ተስተካከለ። አሁን አንዱ እግሩ ቦት ጫማ ያደረገ ይመስላል። ዘይት ቀባሁት፣ ጋሼ ይቅር ይበሉኝ። ከተረፈው ቁራጭ ክፍተት ያለው የሳሙና ማስቀመጫም ሠራሁ፣ እሱን አልቀባሁትም፣ ማን ልክ እንደሆነ እናያለን።

ፋሲካ ዕለት ከፆም መፍቻው በኋላ አመጣሁት። አየችውና «መደርደሪያው እግር አወጣ?» አለች። ለካ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ታውቃለች። ተቀመጠችበት፣ ተነሳች፣ ደግማ ተቀመጠች። አሸተተችው። «የአያትህ ቤት ይሸታል» አለች። እኔ ፊቴን አዙሬ ቡና የማቀብል መሰልኩ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠችው። ቡና የምታፈላው እሱ ላይ ሆና ነው፣ ጎረቤት ሲመጣ እያነሳች ታሳያለች። መታጠቢያ ቤት አስገቢው ስላት «እንዲህ የሚያምር ዕቃ ውሃ ላፍስበት? አበድክ?» ትላለች። ሰኞ ዕለት ደግሞ ባልዲው ላይ ተቀምጣ ታጠበች። ምን ላድርግ?

ሰም እና ወርቅ

በሳቅ ገደልከኝ። የጓደኛዬ ሳሙና ማስቀመጫ ታሪክ ተደገመ።

የሰበታው አናጢ

ሁለተኛ ሥራላት። ቦት ጫማዋን እንደያዘች፣ አስቀያሚ አድርገህ። ዘይትም አትቀባው። መቃኑ ተርፎሃል?

የኮዬ ጀማሪ

ለእግሮቹ ይበቃል፣ መቀመጫው ላይ ሁለት ጣውላ ይጎድለኛል። ቅዳሜ ተመልሼ ምናለሽ ተራ ነኝ።

የማታ ተረኛ

እስከ ቅዳሜ ባልዲውን ደብቀው።